ደብዳቤው የት ይደር? የኢሜይል ፕሮግራም ምርጫ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ለአንድ ቢሮ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ አንቲቫይረስና የአማርኛ መጻፊያ ይጫንለታል። ኢሜይሉ በምን ይከፈት የሚለው ብዙ ጊዜ ጥያቄ ሆኖ አይነሳም። አውትሉክ ከኦፊስ ጋር አብሮ ስለመጣ ብቻ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ክሮምን ከፍቶ ወደ ጂሜይል ይገባል፤ ነገሩ ከቸኮለም ፋይሉን በቴሌግራም ይልከዋል። ጥያቄው የሚነሳው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው፤ ኔትወርክ ጠፍቶ የትናንቱ ውል ሲፈለግ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ የዓመታት ደብዳቤ አብሮ ሲጠፋ፣ ወይም ሠራተኛው ሲዛወር የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ተከትሎት ሲሄድ።

እስካሁን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማው ክርክር “አውትሉክ ይሻላል”፣ “የለም፣ ተንደርበርድ ነው”፣ “ሁለቱም ለምን?” በሚል ይጠናቀቃል። ተከራካሪዎቹ ግን ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ አቡክተዋል። አንደኛው አድራሻው የማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደብዳቤው የሚያድረው የት ነው የሚለው ሲሆን፣ በምን መስኮት ይታያል የሚለው ሦስተኛ ነው። የፕሮግራም ምርጫ የሚመለከተው በዋናነት ይህን የመጨረሻውን ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ግን ከሁሉም የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ከፖስታ ሣጥን ቁጥር የተጀመረ ልዩነት

በተለምዶ የኢትዮጵያ ፖስታ ደብዳቤን በየቤቱ አያዞርም። ሣጥን ተከራይቶ፣ ቁልፍ ይዞ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ ማውጣት የባለቤቱ ፋንታ ነው። በየደብዳቤው ራስጌ ላይ ከስልክ በፊት “ፖ.ሣ.ቁ.” የሚሰፍረው ለዚህ ነው። ይህን የለመደ ሰው የኢሜይልን ሁለት መንገዶች ለመረዳት አይቸገርም።

ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል መልእክት ሲልክ ተጠቃሚውን ከማሽኑ የምትለየዋን የ“አት” ምልክት መረጠ። መልእክት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ደንብ በ1982 በጆን ፖስቴል ጸሐፊነት ወጣ። ደብዳቤው ከሰርቨር ወደ ባለቤቱ የሚደርስበት ደንብ ግን ለሁለት ተከፈለ። በ1984 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው “ፖፕ” ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን ጠራርጎ ወደ ቤት እንደመውሰድ ነው። በ1986 በስታንፎርድ ማርክ ክሪስፒን የጀመረው “አይማፕ” ደግሞ ደብዳቤውን እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ትቶ ማንበብና መደርደር ነው፤ በስልክ ያነበቡት በላፕቶፑም እንደተነበበ ይታያል፣ በአንዱ የሰረዙት ከሌላውም ይጠፋል።

መስመሩ ግን ሲነገር እንደሚመስለው የጠራ አይደለም። ፖፕ አንድ ቅጂ ሰርቨር ላይ እንዲተው ማድረግ ይቻላል፤ አይማፕም ሙሉ ቅጂ ወደ ሃርድ ዲስክ እንዲያወርድ ሊታዘዝ ይችላል። “ፖፕ ለኔትወርክ አልባ፣ አይማፕ ለባለ ኔትወርክ” የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ ግማሽ እውነት ብቻ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

በ1988 ስቲቭ ዶርነር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዩዶራ ለተራው ተጠቃሚ ከተሠሩት ቀደምት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ከደራሲ ዩዶራ ዌልቲ ሲሆን፣ መነሻው ፖስታ ቤት ውስጥ ለመኖር ስለገባች ሴት የጻፈችው አጭር ልብ ወለድ ነው። ማይክሮሶፍት በ1997 አውትሉክንና ነፃውን አውትሉክ ኤክስፕረስን አወጣ። ሞዚላ በታኅሣሥ 2004 የተንደርበርድን የመጀመሪያ ሙሉ እትም ለቀቀ።

እኛ ዘንድ የዘለልነው ትውልድ

ኢሜይል ኢትዮጵያ የገባው ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሌት ተቀን የተገናኙ አልነበሩም። በስልክ ይደዋወሉ፣ የተጠራቀመውን ይለዋወጡ፣ ስልኩን ይዘጉ ነበር። ጸሐፊው ደብዳቤውን የሚጽፈው ግንኙነት ሳይኖር ነው፤ የሚሄደው ተራው ሲደርስ።

የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲጀምር ይኸው ልማድ ቀጠለ። በስልክ መስመር የሚገባ፣ ሂሳቡም ከቆይታው ጋር የሚያድግ ግንኙነት ስለነበር ደብዳቤን በፍጥነት አውርዶ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ ተረጋግቶ ማንበብና መመለስ ገንዘብ ማዳን ነበር። አውትሉክ ኤክስፕረስ ለዚህ የተመቸ ሆነ።

ያ ዘመን ግን በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሚገኙበት ምዕራብ ጎጃም ኢሜይል የተለመደው ኮምፒውተሩ የራስ ባልሆነበት ቦታ፣ በኢንተርኔት ቤት ነው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ጭኖ ደብዳቤ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ በ1996 የወጣው ሆትሜይልና በ1997 የተከተለው ያሁ ተፈጥሯዊ ምርጫ ሆኑ፤ በሚያዝያ 2004 ጂሜይል አንድ ጊጋባይት ቦታ ይዞ ሲመጣ ጥያቄው ያለቀ መሰለ። ቀጥሎ ስልኩ መጣ። ከኢንተርኔት ቤት በቀጥታ ወደ ስማርት ስልክ የተሻገረ ተጠቃሚ በመካከል ያለውን፣ ደብዳቤን በገዛ ኮምፒውተር የማሳደርን ልምድ ሳያውቀው አለፈ። የዛሬው የምርጫ ግራ መጋባት ግማሽ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል።

የብሮውዘሩ ወገን

“ፕሮግራም ለምን ያስፈልጋል?” የሚሉት ክርክራቸው ቀላል የሚባል አይደለም። ብሮውዘር ሳይጫን የተጫነ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል፣ ቫይረስ ቢበላው ደብዳቤው አይነካም። የማይፈለጉ መልእክቶችን የማጣራቱ ሥራ በሰርቨሩ ላይ ይሠራል። 15 ጊጋባይት ነፃ ቦታ አለ። ቤት ውስጥ ለሚጠቀም ሰው፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ሰነድ ለመላክ ወይም ለሥራ ፍለጋ፣ ከዚህ በላይ መፈለግ ቅንጦት ነው ቢሉ ያስኬዳል።

ደካማ ጎናቸው ኔትወርክ ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. እንደገና ለሳምንታት ተቋረጠ። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆየ። በእነዚህ ጊዜያት ደብዳቤው ሁሉ ሰርቨር ላይ የነበረ ነጋዴ አዲስ መልእክት መላክ ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ዓመት ውል ማንበብም አይችልም ነበር። የብሮውዘሩ ወገን መልስ አለው፤ ጂሜይል በክሮም ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሠራበት ቅንብር አለ። ግን የሚያወርደው የ7፣ የ30 ወይም ቢበዛ የ90 ቀን ደብዳቤ ነው፤ አስቀድሞ ያላስከፈተውም አያገኘውም። ካለፈው ዓመት በፊት የተፈረመ ውል በዘጠና ቀን ውስጥ አይገኝም።

አውትሉክ ስንት ነው?

በአውትሉክ ላይ የሚነሳ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ተከራካሪዎቹ ስለተለያዩ ነገሮች ስለሚያወሩ ነው። ሆትሜይልን የተካው የድር አገልግሎት አውትሉክ ይባላል። ከኦፊስ ጋር የሚመጣው የቆየው ፕሮግራም አውትሉክ ነው። ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣው አዲሱም ያው አውትሉክ ነው፤ የዊንዶውስ 10ን “ሜይል” የተካው እርሱ ሲሆን የሜይል ድጋፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 31 ቀን 2024 አበቃ። የሞተው ኤክስፕረስም በሰዎች አፍ ላይ አሁንም “አውትሉክ” ነው።

የቆየው አውትሉክ ትክክለኛ ቦታው ዋና መሥሪያ ቤቱ የራሱ የኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል) ሰርቨር ያለው ተቋም ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ቡሬ ተቀምጦ ከአዲስ አበባው ጋር አንድ የስም ዝርዝር፣ አንድ የስብሰባ ቀጠሮ ሰሌዳ ይጋራል። በዚህ ረገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ምርጫውም የቅርንጫፉ አይደለም። (ቀጠሮው ላይ 9 ሰዓት የሚለው የእኛ 3 ሰዓት መሆኑን ፕሮግራሙ አይነግርም፤ ይህን ያህሉን ሠራተኛው ይቻለው።)

ሰርቨር የሌለው አነስተኛ ድርጅት አውትሉክን ከነጂሜይሉ ሲጠቀም ግን ሁኔታው ይለወጣል። ደብዳቤው በፖፕ ከሆነ የሚቀመጠው “ፒኤስቲ” በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው። እስከ አውትሉክ 2002 ድረስ የዚህ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ነበር፤ ከዚያ አድጎ ከ2010 ወዲህ 50 ጊጋባይት ደርሷል። ሁሉ በአንድ ፋይል መሆኑ ለመገልበጥ ይመቻል፤ መብራት በድንገት ሲሄድ ግን የሚጎዳውም ሁሉም በአንድ ላይ ነው። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ይህ ተራ ስጋት አይደለም።

ሌላው ችግር የይለፍ ቃል አሠራር ለውጥ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 30 ቀን 2022 ጀምሮ ተራ ፓስወርድ ብቻ የሚልኩ ፕሮግራሞችን ከግል አካውንቶች አገደ፤ ማይክሮሶፍትም ለግል አካውንቶቹ በመስከረም 2024 እንዲሁ አደረገ። ኦፊስ 2007ና 2010 ባልጠፉበት አካባቢ ይህ ማለት “ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ” ማለት ነው። ጥፋቱ የኔትወርክ ወይም የሠራተኛው የሚመስለው ብዙ ችግር ከዚህ ይመነጫል። በአዲሱ አውትሉክ ላይ ደግሞ የሌላ አገልግሎት አካውንት ሲገባበት ደብዳቤው በማይክሮሶፍት ክላውድ በኩል ይመሳሰላል። ይህን ኩባንያው ራሱ የሚገልጸው ነው። መስኮት ብቻ ገዝቶ የመሰለው ሰው ሦስተኛ ማደሪያ ጨምሯል ማለት ነው።

የተንደርበርድ ወገን

ተንደርበርድ ነፃ ነው፤ ክራክ አይፈልግም። ዶላር የሚጠይቅ ዓመታዊ ክፍያን በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ለማይችል የቡሬ ነጋዴ ይህ ብቻውን ግማሽ ክርክር ነው። ደብዳቤውን በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ሊነበብ በሚችል ክፍት ቅርጽ ያስቀምጣል። በአይማፕ ሙሉ ቅጂ አውርዶ ያስቀምጣል፤ ዳታ ለመቆጠብ የቅርብ ቀናትን ብቻ እንዲያወርድም ሊታዘዝ ይችላል። ከ2020 ወዲህ የመልእክት ማመስጠሪያው ከውስጥ ተሠርቶለታል።

ነቃፊዎቹ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞዚላ ትኩረቱን ሲያነሳበት ሊሞት ተቃርቦ እንደነበር ያስታውሳሉ። እውነት ነው፤ በ2020 ኤምዜድኤልኤ ወደሚባል የሞዚላ ቅርንጫፍ ተዛውሮ በተጠቃሚዎች ልገሳ አገገመ፤ በ2023 ገጽታው ተለወጠ፤ በ2024 የአንድሮይድ እትም አወጣ። ዊንዶውስ 7 ላይ ላለ ሰው ግን ከ115ኛው እትም በላይ አይሄድለትም።

የበለጠው ድክመቱ ሌላ ነው። ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጥበት ፎልደር የተደበቀ ነው። በጥገና ቤቶቻችን የተለመደው አሠራር “ዴስክቶፕና ዶክመንት ይገልበጥ፣ ሲ ፎርማት ይደረግ” ነው። የቆየው አውትሉክ የቅርብ እትሞች የፖፕ ደብዳቤን በዶክመንት ውስጥ ስለሚያኖሩ በአጋጣሚ ይተርፋሉ። የተንደርበርድ ግን ከሲ ጋር ይሄዳል። በአይማፕ ከነበረ እንደገና ይወርዳል፣ የሚጠፋው ዳታና ጊዜ ነው። በፖፕ ከነበረና ሰርቨር ላይ ቅጂ ካልተተወ አለቀ።

ከሁለቱ ውጭ ያሉትን በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። የቼኮቹ ኢኤም ክላየንት ለቤት ተጠቃሚ እስከ ሁለት አካውንት ነፃ ነው፤ መልኩ ያማረ ነው፤ ለድርጅት ግን ይከፈልበታል። የማክ ባለቤት የአፕልን ሜይል ቀድሞውኑ ይዟል፤ ለሊኑክስ ተጠቃሚም ኢቮሉሽን አለ።

ማንም ያልለካው መለኪያ፦ የአማርኛ ፍለጋ

የውጭ ንጽጽሮች የማያነሱት፣ ለእኛ ግን ከመልክና ከፍጥነት የሚበልጥ አንድ ነጥብ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ ፓወር ግዕዝን በመሰሉ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝርግፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ውጭ አገር የነበሩት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመጻፍ “ሴራ” የተባለ ሥርዓት ያበጁት በዚያው ዘመን ነው። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ደብዳቤን አትሞ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ስካን አድርጎ መላክን ለመዱ። ልማዱ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ቀርቷል። ጽሑፉ ጥቂት ኪሎባይት የሚሆን ደብዳቤ ምስል ሲሆን ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ እንደ አባሪ ሲጓዝ ደግሞ ሌላ ሲሶ ያህል ይጨምራል። የጂሜይል የ25 ሜጋባይት ጣሪያ ከተገመተው ቀድሞ የሚሞላው በዚህ ነው። ከዚህም የከፋው ስካን የተደረገን ደብዳቤ በውስጡ ባለ ቃል ፈልጎ ማግኘት አለመቻሉ ነው።

እንደ ጽሑፍ በተላከው ላይም ቢሆን ችግር አለ። አማርኛ መስተዋድዱን ከቃሉ ጋር ይሰፋል፤ “ከቡሬ”፣ “ለቡሬው”፣ “የቡሬና”። የጂሜይል ፍለጋ የሚሠራው በሙሉ ቃል ነው፤ “ቡሬ” ብሎ የጠየቀ “ከቡሬ”ን ላያገኝ ይችላል። የቆየው አውትሉክ ከቃሉ መጀመሪያ ስለሚነሳ “ቡሬና”ን ይይዛል፣ “ከቡሬ”ን ይስታል። የተንደርበርድ ፈጣን ማጣሪያ የቃልን መካከል ስለሚያይ ሦስቱንም ያወጣል። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትርፍ ዝርዝር ነው፤ በአማርኛ ለሚጻጻፍ የገበሬዎች ዩኒየን ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ደብዳቤ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ሞክሼ ፊደላትን ግን ሦስቱም አልፈቱም። አንዱ “ፍኖተ ሰላም” ይላል፣ ሌላው “ፍኖተ ሠላም”፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። በአንድ ቢሮ ውስጥ የርእስ አጻጻፍን አንድ ማድረግ ከየትኛውም ፕሮግራም ይልቅ ይጠቅማል።

ርክክብ፣ ሕግና ማስረጃ

ሠራተኛ ሲለቅ ማኅተም፣ ቁልፍና ፋይል ያስረክባል፤ ክሊራንስ ይወስዳል። ፓስወርድ ግን በርክክብ ሰነዱ ላይ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በሠራተኛው የግል ጂሜይል ሲመላለስ መዝገብ ቤቱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ አለ ማለት ነው። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ የሚያስቀር ፕሮግራም ጉዳቱን ይቀንሳል፤ መሠረቱን ግን አይፈታውም። ያንን የሚፈታው በድርጅቱ ስም የተከፈተ አድራሻ ብቻ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንደማያጣ ይደነግጋል። ክርክሩ ያለው ማስረጃው እንዴት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። ብዙ ቢሮዎች ኢሜይሉን አትመው በቦክስ ፋይል ያስራሉ። የታተመው ወረቀት ግን መልእክቱ በየትኞቹ ሰርቨሮች እንዳለፈ የሚያሳየውን ራስጌ አይዝም፤ ተቃዋሚ “እኔ አልላክሁም” ቢል ወረቀቱ ዝም ይላል። ፕሮግራም ላይ ያደረ ቅጂ ራስጌውን በሙሉ ይይዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኞችን መረጃ የያዘ ድርጅት ጥበቃው የእርሱ ኃላፊነት እንደሆነ ስለሚያስቀምጥ፣ ማንም በሚከፍተው ዴስክቶፕ ላይ ያለ የይለፍ ቃል የዓመታት ደብዳቤ ማኖር የራሱ ጣጣ አለው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

የብሮውዘሩ ወገን “አባሪ ወደ ዲስክ ሲወርድ ቫይረስ ይዞ ይመጣል” ይላል። ማስረጃ አለው። የካናዳው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2014 እና በ2017 ባወጣቸው ዘገባዎች በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች በአባሪና በሊንክ በተላከ ሰላይ ሶፍትዌር ዒላማ እንደተደረጉ አሳይቷል። ግን ጥቃቱ የተመሠረተው በተቀባዩ ጉጉት ላይ ነበር፤ በብሮውዘር ያነበበም አባሪውን አውርዶ ከከፈተ ያው ነው።

ለነጋዴው የሚቀርበው አደጋ የተለየ ነው፤ አቅራቢ መስሎ “የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል” የሚል ደብዳቤ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬውን ፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ያህል ግዙፍ ይሁን አንዲት የሰሊጥ ላኪ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገበያይ ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከብሔራዊ ባንክ የሲቲባንክ ሂሳብ 27 ሚሊዮን ዶላር የተወሰደው በተጭበረበረ የፋክስ ትእዛዝ ነበር፤ መሣሪያው ይለወጣል እንጂ ዘዴው አሮጌ ነው። እዚህ ላይ የትኛውም ፕሮግራም ከሌላው አይሻልም። ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል።

ምን ይመረጥ?

ለቤት፣ ብሮውዘርና ስልክ ይበቃሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኤክስቼንጅ ለዘረጋለት ቅርንጫፍ የቆየው አውትሉክ፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) እንደሚደግፈው ቃል ገብቷል። በራሱ ለቆመ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ድርጅት፣ ለዩኒየን፣ ለኮሌጅ ጽሕፈት ቤት፣ ተንደርበርድ በአይማፕ፣ ሙሉ ቅጂ እንዲያወርድ ተደርጎ፤ በወር አንዴም በውጭ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ። ፖፕን ብቻውን መጠቀም ከእንግዲህ የሚደገፍ ምክንያት የለውም።

ኮምፒውተርዎን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉ። ኔትወርኩን ያጥፉና የአምናውን ደብዳቤ ከነአባሪው ይክፈቱ። ከተከፈተ ደብዳቤው ያለው በእጅዎ ነው፤ ባለሙያው ሲን ፎርማት ከማድረጉ በፊት ደብዳቤው ያለበትን ፎልደር ፈልጎ እንዲገለብጥልዎ ይንገሩት።